የጠገበው ገበሬ

ሙክታር ይመር መድረክ ላይ ሊሆነው ያቃተው ሰው አልነበረም። ቄስ ሲሆን የቀበሌው አሮጊቶች መስቀል ሊሳለሙ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። አልቃሽ ሴት ሲሆን ከኋላ መደዳ እውነተኛ ለቅሶ ይሰማል። ሆዳሙን ባላባት የተጫወተ ጊዜማ፣ ትራሱን ከሆዱ አውጥቶ በጓሮ በር ሲወጣ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይዘው ጠበቁት። ድርሰቱን የሚጽፈው እሱ፣ ልምምዱን የሚመራው እሱ፣ ዋናውን ሰውዬ የሚጫወተው እሱ ነው፤ ከተዋንያኑ አንዱ ከታመመም የዚያንም ቦታ ሸፍኖ ይገባል። በቦሌ በኩል ባሉት ቀበሌዎች ኪነት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሙክታር ነበር።

ሙያውን የተማረው አውቶቡስ ላይ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ሐይቅ አጠገብ ያሳደገው የእናቱ ወንድም አብዱልገኒ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ከደሴ አዲስ አበባ በሚመላለስ አውቶቡስ ረዳት ሆኖ ገባ። ሾፌሩ ገብረሰንበት የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታና እንቅልፍ ሲያዳፋው፣ «እስቲ ያቺን ደብረ ሲና የወረደችውን ሴትዮ አምጣልኝ» ይለዋል። ሙክታርም ሴትዮዋን ከነሳሏ፣ ከነመሐላዋ፣ የሌለባትን በሽታ ከምትቆጥርበት ድምፅዋ ጋር ያመጣታል። ገብረሰንበት ይስቃል፣ እንቅልፉም ይበናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሙክታር የአንድ አገር ሰው አጠራቅሞ ያዘ።

አብዮቱ ሲመጣ ፈዲላን አግብቶ ቦሌ አካባቢ ይኖር ነበር። ቀበሌው ኪነት አቋቁሞ ችሎታ ያለው ይምጣ ሲል የሄደው ለጨዋታ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ድርሰቱም ስለዚያው ስለሚያውቀው ነገር ነበር። አንድ አውቶቡስ ጣርማ በር ላይ ይበላሽና ተሳፋሪዎቹ ጉም ውስጥ ቁጭ ብለው እርስ በርስ ይዋሻሉ። አንዱ ሀብታም ነኝ ይላል፣ አንዷ ባል አለኝ ትላለች። መጨረሻ ላይ መኪናው ይነሣና ሁሉም እየተፋፈሩ ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ድርሰቱ ይታይ ተብሎ፣ ቀበሌዎቹን በበላይነት ለሚያስተዳድረው ለከፍተኛው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ፣ ለጓድ ገሰሰ ቀረበ። ገሰሰ ቀጠን ያለ፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ሲቆም ተረከዙን ነሣ የሚያደርግ ሰው ነው። እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ እያደረገ፣ «መስመሩ የት አለ?» አለው።

«የምን መስመር?»

«የሰፊው ሕዝብ ድል ነዋ። ሰዎቹ ዝም ብለው ከሄዱ ማን አሸነፈ?»

ሙክታር ቤቱ ገብቶ አሰበበት። ከዚያ ሾፌሩ መሪውን ለቆ ጡጫውን ወደ ላይ እያነሣ መፈክር የሚያሰማበት መጨረሻ ጨመረ። ቴያትሩ ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ገብረሰንበት ያን ጊዜ መንዳቱን ትቶ ላምበረት ላይ ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ይጠግን ነበር፤ ተጋብዞ መጥቶ አየ። ሲወጣ፣ «እኔ እጄን ከመሪ ላይ አንሥቼ እንደዚያ ብጮህ ኖሮ ሁላችንም ገደል ነበርን» አለው። ሙክታር ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ውስጥ መረረው።

ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ በጡጫ የሚያልቅ ሆነ። መጀመሪያ መጀመሪያ መጨረሻውን የሚጨምረው ተገዶ ነበር። ኋላ ግን ሳይጠይቁት ራሱ ቀድሞ ይጽፈው ጀመር፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይመጣል። ያጸየፈውም ይህ ነው። ወረቀት ሲዘረጋ፣ ትናንት ተበልቶበት ሳይታጠብ ዛሬ መልሶ የቀረበ ሳህን የሚያይ ይመስለው ነበር።

ቡድኑ ስም ሲያወጣ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደመወዝተኛ አደረገውና ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ካለ የተወረሰ ግቢ ቤት ሰጠው። የግቢው ጌታ ሞተዋል፤ ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸዋል። ሙክታር ሰውዬውን በሕይወት ሳሉ በመንገድ ሲያልፉ ያያቸው ነበርና፣ ለባላባቱ የሰጠው አረማመድ የሳቸው ነበር፤ ግራ እግርን ጎተት የሚያደርግ። እትዬ ጥሩነሽም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ቴያትሩን እንዲያዩ ታዘው አዩ። በማግሥቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ተገናኙ።

«አካሄዱን አግኝተኸዋል» አሉት። «ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። ማይጨው ተመትቶ ነው።»

ባልዲያቸውን አንሥተው ገቡ። ሕዝቡ ከምንም በላይ የሳቀው ደግሞ በዚያች እግር ነበር። ሙክታር በሚቀጥለው ትርኢት እግሩን ቀጥ አድርጎ ሄደ፤ ሳቁ ጠፋ። በሌላው ትርኢት መልሶ ጎተተው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲያ መጎተቱን አልተወም።

በሰባ ስድስት ክረምት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ተጀመረ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ጎዳናው በቀይ ጨርቅና በቅስት ይሞላ ጀመር፤ ደሳሳ ቤቶቹ እንዳይታዩ በቆርቆሮ አጥር ተከለሉ። ገሰሰ ሙክታርን ጠርቶ የበዓሉን ቴያትር አዘዘው። የተትረፈረፈ ምርት የሚያሳይ መሆን አለበት አለ፤ ገበሬ ጎተራው ሞልቶ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ መድረክ ላይ ጠግቦ ሲበላ።

«ገበሬው ደግሞ የወሎ ይሁን» አለ ገሰሰ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ስለ ወሎ የማይሆን ወሬ የሚያስወሩ አሉ። ዘዬው ያንተ ስለሆነ አንተ ትጫወተዋለህ።»

«ምግቡን ከካርቶን እንሠራዋለን» አለ ሙክታር።

«የካርቶን ዳቦ እንግዶቹ ይለዩታል። እውነተኛ ይቀርባል። በሬ ይታረዳል።»

«ማን ነው የሚያርደው?»

ገሰሰ ነገሩ ገባውና ፈገግ አለ። «አብዮት ውስጥ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል የለም፣ ጓድ ሙክታር።»

ሙክታር ብዙ ተሟገተ። በመጨረሻ ገሰሰ ፊቱን እያጠቆረ፣ ድርሰቱንና ዝግጅቱን ሙክታር ይዞ ገበሬውን ሌላ ሰው እንዲጫወተው ፈቀደለት። ሙክታርም ጻፈ። «እህል በዝቶ ጎተራው አነሰን፤ ኧረ ብሉልኝ ጎረቤቶቼ፣ ነገም ሌላ አለ» የሚለውን ቃል የጻፈው እሱ ነው። ሲጽፈው ወሬውን በደንብ ያውቅ ነበር። በላምበረት የሚያልፉ ሾፌሮች ለገብረሰንበት የሚነግሩት ሁሉ ይደርሰዋል፤ ከኮረም እስከ ኮምቦልቻ በየመንገዱ ዳር ስለተኛው ሰው፣ ወደ ከተማ እንዳይዘልቅ በየኬላው ስለሚመለሰው ሰው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ገብረሰንበት ግቢው ድረስ መጣ። «ከኮተቤ ወዲያ ባለው ኬላ ያወረዷቸው ሰዎች አሉ» አለው። «አንድ ሽማግሌ ስምህን ለሾፌሩ ሁሉ ይናገራል።»

ሙክታር ዳቦ ይዞ ሄደ። ከኬላው ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ ዝናብ የደበደበው ሰው ተኮልኩሏል። አጎቱን አብዱልገኒን ያወቀው በድምፁ ነው። ያ አንድ ኩንታል ተሸክሞ ገበያ ይወጣ የነበረ ሰውዬ ጋቢው ውስጥ አልቋል፤ ዐይኑም ደክሟል። ከልጁ የተረፈችውን የልጅ ልጁን ፈሂማን ጭኑ ላይ አስተኝቷል።

«አጎቴ፣ አንቱ ነዎት?»

«ሙክታሬ። ስምህን ንገሩልን አልናቸው ሾፌሮቹን፣ የኛም ሰው አዲስ አበባ አለ ብለን።» ዳቦውን ለልጅቷ ቆርሶ ሰጠና፣ «አሁን ምን ትሠራለህ?» አለው።

«ቴያትር።»

«እሱ ምን ያለ ነው?»

«ሰው መስሎ መጫወት ነው። ቄስም፣ ባላገርም።»

«እኛንም ትመስላለህ?»

«አዎ።»

«እንዴት አድርገህ?» አለ አብዱልገኒ፤ ነገሩ እውነት ግር ብሎት ነው የጠየቀው። የኬላው ጠባቂዎች ጊዜ አልቋል ብለው አባረሩት።

በማግሥቱ ገሰሰን ለመነው። ሁለት ሰዎች እንዲያልፉ አንድ ቃል ብቻ ነው የፈለገው። ገሰሰ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ «ከበዓሉ በኋላ» አለ።

«እስከዚያ አይቆዩም፣ ጓድ ገሰሰ። ለቋንቋው እንዲያማክሩን ብለን እንኳ ብናስገባቸው።»

«ምን ያህል ከስተዋል?»

«በጣም።»

«እንግዲያ እንዴት ይገባሉ? እንግዳ ቢያያቸውስ?»

ሙክታር ከቢሮው ወጣና አጥሩ ሥር ተፋ።

ቡድኑ የመድረክ ዕቃ የሚያጓጉዝበት፣ በሩ ላይ የከፍተኛው ስም የተጻፈበት ላንድሮቨር ነበረው። ከመድረክ ልብሶቹም መካከል የካድሬ ካኪና ቆብ አይጠፋም። ሙክታር ለልምምድ ዕቃ ላመጣ ነው ብሎ መኪናውን ወሰደ፤ መንገድ ላይ ካኪውን ለበሰ። ገብረሰንበት ላምበረት ላይ መሪውን ተቀበለው፤ አንድም ነገር አልጠየቀውም፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ገባ።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ከመኪናው የወረደው ጓድ ገሰሰ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተረከዙን ነሣ አደረገ፣ እስኪርቢቶውን መዳፉ ላይ ኳ ኳ አደረገ። ስሙን እንኳ አልተናገረም። የዚያን ቀን ተረኞቹ ሌሎች ጠባቂዎች ነበሩ፤ ጠብመንጃቸውን አስተካክለው ቀጥ አሉ።

«ይህን ሁሉ ሰው ምን ሰበሰበው?» አለ በገሰሰ ቀጭን ድምፅ። «መሬታቸውን ጥለው ልመና የለመዱ ሰነፎች። በበዓላችን ዋዜማ እዚህ ማንን ለማሳፈር ነው?»

እስከዚህ ድረስ አስፈላጊ ነበር። ጠባቂዎቹ እንዲያምኑ ቁጣ ያሻል። ነገር ግን ገጸ ባሕርዩ ገብቶለት ነበር፤ ቃሉ ራሱ ይመጣል፣ እግሩ ራሱ ይራመዳል። አንዲት ሴት የሱሪውን ጠርዝ ስትይዘው፣ ገሰሰ እንደሚያደርገው፣ የነካካውን ጭቃ እንደሚያራግፍ ሰው እጅዋን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገ። ይህን ማንም አላዘዘውም። ሴትዮዋ ልጅዋን ወደ ጡቷ ሸሸገች፤ ሰዉ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ሙክታር በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ደስታ ዕድሜ ልኩን ሲያስበው ያቅለሸልሸው ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የያዘ ተዋናይ የሚሰማው ያው ደስታ ነበር።

«ያ ሽማግሌና ያቺ ልጅ» አለ በእስኪርቢቶው እያመለከተ። «ለምርመራ እፈልጋቸዋለሁ።»

አብዱልገኒ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። መኪናው ውስጥ ልጅቷን አቅፎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርግ ነበር። ላምበረትን ሲያልፉ ሙክታር ቆቡን አውልቆ ዞረ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ደካማ ዐይኑን አጥብቦ አየው። «እንግዲያስ ያን ሁሉ ስድብ የሰደብከን አንተ ነህ?» አለው።

ገብረሰንበት ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ሙክታር እንደገና ወደ ፊት ዞረ።

ፈዲላ ሁለቱን በአጃ ሾርባ ቀስ በቀስ መለሰቻቸው፤ እትዬ ጥሩነሽ ሳይጠየቁ ፍራሻቸውን አምጥተው አነጠፉላቸው። ፈሂማ ቶሎ አገገመች። አብዱልገኒ ግን ሙክታር ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ትከሻው ይሰበሰብ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ገሰሰ አስጠራው። የኬላው ኃላፊ ሪፖርት ሲያደርግ፣ ሁለቱን ሰዎች ራስዎ ወስደዋቸዋል ብሎ ለገሰሰ ነግሮታል። ገሰሰ በሩን ዘጋና ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

«አሳየኝ» አለ።

«ምን?»

«ኬላው ላይ ያደረግከውን።»

ሙክታር መጨረሻው የታወቀ መሰለው። ቢክድ ገብረሰንበትንም ይዞ መጥፋቱ ነው። ቆመና አደረገው፤ ጉሮሮውን፣ ተረከዙን፣ እስኪርቢቶውን፣ ድምፁን። ገሰሰ ዐይኑን ሳይነቅል ተመለከተ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«እንዲህ ነኝ?» አለ። «እና ቀጥ አሉ?»

«ቀጥ አሉ።»

«ትከሻህን ትንሽ ቆፍጠን ብታደርገው ይሻላል» አለ ገሰሰ፤ ተነሥቶም ትከሻውን አቃናለት። ሙክታር እንዲያስረው፣ እንዲመታው ጠብቆ ነበር፤ ይህን አልጠበቀም። እነዚያ ደረቅ ጣቶች ትከሻው ላይ ሲያርፉ ሰውነቱ ተኮማተረ።

ከዚያ ገሰሰ ተመልሶ ተቀመጠና ነገሩን ነገረው። ሽማግሌው በግቢው ይቆያል፤ ማንም አይነካውም። ገበሬውን ግን ሙክታር ይጫወተዋል፣ ምግቡንም ይበላል።

መስከረም ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ፊት መደዳ ላይ የክብር እንግዶቹ፣ ከባሕር ማዶ የመጡትም ጭምር ተቀምጠዋል። በሬው ከጠዋት ጀምሮ ታርዶ ተጠብሶ፣ በመብራቱ ሙቀት ላብ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ ስቡ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ዝንብም አግኝቶታል። የገበሬውን ሚስት የምትጫወተው ማሚቱ ሥጋውን እየቆረሰች ታጎርሰዋለች። ከእስላም ቤት ተወልዶ ባዕድ ሥጋ ቀምሶ የማያውቀው ሙክታር አላመጠ፣ ዋጠ፣ ጺሙን ጠራረገ፣ በአጎቱ ዘዬ በአጎቱ ድምፅ፣ «ኧረ ብሉልኝ ጎረቤቶቼ፣ ነገም ሌላ አለ» አለ። ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበ። ድምፁ አንድም ጊዜ አልተሰበረም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን አድርጎ የተጫወተበት ቀን የለም።

መጋረጃው ሲዘጋ ጓሮ ወጥቶ አስመለሰ። ቀና ሲል የኮሚቴው ሰዎች የተረፈውን ሥጋ በየዘምቢሉ እየጠቀጠቁ ሲሻሙ አየ። አንደኛው ጎድን ይዞ፣ ሌላው የያዘበትን ጫፍ ሊያስለቅቀው ይታገላል። ማሚቱ በነጠላዋ ጠቅልላ ዳቦና ትልቅ የሥጋ ቁራሽ ደብቃ ነበር፤ ለአጎትህ ብላ ልትሰጠው ዘረጋችለት። ደግ ልጅ ነበረች፤ የሷ ደግነት እንኳ በዚያች ሰዓት ሸተተው። ዳቦውን ብቻ ወሰደ። አብዱልገኒ በረሃቡ ሁሉ መካከል እንኳ እስላም ያላረደውን ሥጋ እንደማይቀምስ ያውቃል። ዳቦውን አጎቱ ቢስሚላሂ ብሎ ተቀብሎ በላ፤ ከየት መጣም አላለም። ሙክታርም አልነገረውም።

ኅዳር ሲገባ ረሃቡ በየሬዲዮው ሆነ። የእርዳታ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ያርፍ፣ የጫነ መኪና በኮተቤ መንገድ ወደ ሰሜን ይጎርፍ ጀመር። ገሰሰ የኪነት ቡድኑ አዳራሽ ድረስ መጥቶ ሙክታርን ወደ ጎን ወሰደው።

«ለተጎጂው ወገናችን መዋጮ የሚሰበሰብበት ቴያትር ያስፈልጋል» አለ። «የወሎውን ገበሬ መልስልን፤ አሁን ግን የተራበ ይሁን። ልብሱ ያው ይሆናል፤ እዚህ እዚህ ጋ ይቀደዳል። ለሜክአፕ ዐመድ ይበቃል።»

ሙክታር ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የገበሬ ልብስ ዞር ብሎ አየ።

«አጎትህስ? ብዙም አልወፈረም አይደል? ምንም ባይናገር፣ ልጅቷን ይዞ ጥግ ላይ ቁጭ ቢል ይበቃናል። እውነተኛ ነገር ሕዝብ ይነካል።»

«አጎቴ አይወጣም» አለ ሙክታር። «እኔም አልወጣም።»

«አሞሃል?»

«አስጠልቶኛል።»

«ምኑ ነው ያስጠላህ?»

«እርስዎ። እኔም። ያ በሬ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ የሰማው ገሰሰ ብቻ ነው። ገሰሰ ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሙክታርን ቀበሌው እስር ቤት አስገቡት። ጥፋቱ የመንግሥት መኪና ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው ተባለ። ገብረሰንበትን አልጠየቁትም፤ ሙክታርም ስሙን አላነሣም። ከአንድ ክረምት በኋላ ሲለቁት ሥራውም ቤቱም የለም። ፈዲላ አብዱልገኒንና ልጅቷን ይዛ ላምበረት፣ ከጎሚስታው በስተኋላ ያለች አንዲት ክፍል ገብታ ነበር። ቴያትሩም ያለሱ ታይቶ፣ ብዙ አስለቅሶ አልፏል፤ ማሚቱ ነገረችው። ማን ጻፈው ብሎ አልጠየቃትም።

ወሎ ዝናብ አገኘ ሲባል አብዱልገኒ አገሬ ልግባ አለ። ፈሂማን ትምህርት እንድትማር ለፈዲላ ትቶላት በደሴ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሲሰናበቱ ሙክታር፣ «አጎቴ፣ ያን ቀን ኬላው ላይ ላልኩት ይቅር በሉኝ» አለው።

«እኔን አወጣኸኝ፤ እኔ ምን አለኝ» አለ ሽማግሌው። «ያቺ ሴትዮ ግን እዚያው ቀርታለች። እሷ ምን እንደምትልህ እኔ አላውቅም።»

ሙክታር ገብረሰንበት ጋ ጎማ ሲጠግን ደርጉ እስኪወድቅ ድረስ ቆየ። ጎማ እስኪሠራላቸው የሚጠብቁት ሾፌሮችና ረዳቶች ዝናውን ሰምተዋልና አላስቀምጥ ይሉታል። ቀልቡ ከመጣ የደብረ ሲናዋን ሴትዮ ያመጣላቸዋል፤ ትራፊኩን፣ የገበያ ደላላውን፣ ደብተራውን ያመጣላቸዋል፤ ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ፣ «እስቲ ካድሬውን» ይላል። ያን ጊዜ ሙክታር ጎማ የሚፈለቀቅበትን ብረት፣ ካላማዳሪያውን፣ አንሥቶ ወደ ጎማው ያጎነብሳል፤ ገብረሰንበትም በል ሂድ፣ መኪናህ አልቋል ብሎ ሰውዬውን ይሸኘዋል።